ስለ ምዘና፤ ተማሪውም ኮሌጁም ስለሚታረሙበት መንገድ

ተማሪ በተሰበሰበበት ስፍራ ሁሉ «ፈተና ደረሰ» የተባለ እንደ ሆነ ፊት ይለዋወጣል። ተጫዋች የነበረው ዝም ይላል፤ ዝምተኛ የነበረው ጓደኞቹን በጥያቄ ያስጨንቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ያልተገለጠ ደብተር በአንድ ሌሊት ተገልጦ ያድራል። ይህ ፍርሃት የሚመጣው ተማሪው ትምህርቱን ጠልቶ አይደለም። ፈተና ማለት በመጨረሻው ቀን የሚሰጥ ፍርድ ነው ብሎ ስለ ለመደ ነው። ያለፈው ያልፋል፤ የወደቀው ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ የውድቀቱን ምክንያት የሚጠይቅ የለም።

ነገር ግን ምዘና ሌላ ሥራም አለው። ይኸውም የተማሪውን ጉድለት ሳይደነድን በጊዜው ማግኘት፥ የመምህሩን አስተማማር ማቃናት፥ ኮሌጁም ለተማሪዎቹ የሚሰጠውን አገልግሎት እንዲመረምር ማድረግ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህንን ሁለተኛውን ሥራ በምሳሌና በማስረጃ መግለጥ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩፤ የሚያቀና ምዘናና የሚደመድም ምዘና

ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ ሲጽፍ አልፎ አልፎ ብርዑን አኑሮ የጻፈውን ከሚገለብጠው መጽሐፍ ጋር ያስተያያል። ስሕተት ያገኘ እንደ ሆነ ቀለሙን በስለት ፍቆ በስፍራው ትክክለኛውን ቃል ይጽፋል። ያው ስሕተት መጽሐፉ ከተጠረዘና ከተለበደ በኋላ በሌላ ሰው ቢገኝ ግን ለጸሐፊው ነቀፋ ይሆናል እንጂ ለሥራው ብዙ አይጠቅምም። በሁለቱም ጊዜ የተደረገው መመርመር አንድ ነው፤ ልዩነቱ በጊዜውና በሚሰጠው ጥቅም ላይ ነው።

ይህንን ልዩነት በትምህርት ነገር በግልጥ ስም ሰጥተው የለዩት ሚካኤል ስክሪቨን የተባሉ ፈላስፋ ናቸው። በ1967 ባወጡት ጽሑፍ ምዘናን በሁለት ከፈሉት። አንደኛው ሥራው ገና በመሠራት ላይ ሳለ ለማረም የሚደረገው ነው፤ ይህንን «የሚያቀና ምዘና» ልንለው ይቻላል። ሁለተኛው ሥራው ካለቀ በኋላ ዋጋውን ለመፍረድ የሚደረገው ነው፤ ይኸውም «የሚደመድም ምዘና» ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ኮሌጅ በመጨረሻው ሳይደመድም ሊቀር አይችልም። ጉዳት የሚመጣው ኮሌጁ መደምደሙን ብቻ ይዞ ማቅናቱን የተወ እንደ ሆነ ነው።

፪፤ በአብነት ትምህርት ቤት ያለው ልማድ

የኢትዮጵያ አብነት ትምህርት ቤት የሚያቀናውን ምዘና ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ፊደል የቈጠረ ሕፃን በግዕዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ የሚያልፈው ወር ስለ ቈጠረ አይደለም፤ መምህሩ በጆሮው ሰምቶ «አሁን ተሻገር» ሲለው ነው። በቅኔ ቤትም ተማሪው በየዛፉ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታም ሰምና ወርቁ ያልገጠመበትን፥ ቤቱ ያልመታበትን፥ አገባቡ የተፋለሰበትን ቃል ወዲያው ያሳዩታል። ተማሪው ተመልሶ ያርማል፤ እንደ ገናም ይቀርባል። በአንድ ጉባኤ ውስጥ አንዱ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ሲያቀና ሌላው ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይቈጥራል፤ እያንዳንዱ በደረሰበት ደረጃ ይመዘናል። ቀደም ያለው ተማሪም ኋለኛውን ያስጠናል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ዛሬ የትምህርት ሊቃውንት የሚመክሩት ብዙ ነገር አለ። ምዘናው በየዕለቱ ነው፤ ዕርማቱ ፊት ለፊት ነው፤ የሚነገረውም ስለ ሥራው ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ሥርዓት ሳይመዘን የሚቀር አንድ ነገር አለ። ተማሪው ይመዘናል፤ የተማሪው ኑሮ ግን አይመዘንም። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ልጅ ትምህርቱን ትቶ የሄደ እንደ ሆነ «ሰነፈ» ወይም «ዓለም አማረው» ይባላል። ያባረረው ረኃብ ይሁን፥ በሽታ ይሁን፥ ወይም የጎጆው ብርድ ይሁን ለይቶ የሚጽፍ መዝገብ የለም። ስለዚህ ከሄዱት መካከል ስንቱ በስንፍና፥ ስንቱ በችግር እንደ ሄደ የሚያውቅ አይገኝም። ይህ ጉድለት በአብነት ትምህርት ቤት ብቻ ያለ አይደለም። ታላላቅ ሕንፃ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበሩ፤ ወደ ፊት እንደሚታየው።

፫፤ መጠየቅ ራሱ ማስተማር ስለ መሆኑ

ምዘና የተማሪውን ዕውቀት ከመለካት አልፎ ዕውቀቱን እንደሚያጸና በሙከራ ታይቷል። በሴንት ልዊስ ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ጥናት የታወቀ ነው። ተማሪዎች አጭር ምንባብ እንዲያነቡ ተደረገ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ግን መጽሐፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 ከመቶ ሲያስታውሱ፥ መጽሐፉን ዘግተው ራሳቸውን የጠየቁት 56 ከመቶ አስታወሱ። ዳዊት በቃሉ ያጠና ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። መጽሐፉን እያየ ሲወርድ ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ መጽሐፉን ዘግቶ ሲጀምር የሚሰናከልበትን ስፍራ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ነገር ዕርማቱ የሚሰጥበት መልክ ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ መምህርት የነበሩት ሩት በትለር በእስራኤል ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ሙከራ በ1988 አሳትመዋል። ለአንዳንዶቹ ልጆች ስለ ሥራቸው የጽሑፍ አስተያየት ብቻ ተሰጠ፤ ለአንዳንዶቹ ቊጥር ብቻ፤ ለሌሎቹ ደግሞ አስተያየትና ቊጥር አንድ ላይ። ሥራቸውም ሆነ ፍላጎታቸው የተሻሻለው አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ናቸው። ቊጥርና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው ልጆች እንደዚህ ያለ መሻሻል አላሳዩም። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ቊጥሩን ያየ ልጅ ከጓደኛው ጋር ይተያያል እንጂ በኅዳጉ የተጻፈውን ምክር ልብ አይልም።

በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የነበሩት ፖል ብላክና ዲላን ዊሊያም ደግሞ በ1998 ወደ 250 የሚደርሱ ጽሑፎችን መርምረው፥ የሚያቀናው ምዘና በደንብ ሲሠራበት የተማሪዎችን ዕውቀት በእርግጥ ከፍ እንደሚያደርግ፥ ይልቁንም ደካማ የተባሉትን አብልጦ እንደሚረዳ ገለጡ።

፬፤ መነኮሳይያት ያቋቋሙት ኮሌጅ

ይህንን አሳብ ለአንድ ክፍል ብቻ ሳይሆን ለኮሌጅ በሞላው ሥርዓት ያደረጉት የካቶሊክ መነኮሳይያት መሆናቸው ለመንፈሳዊ ተማሪ ልብ የሚባል ነገር ነው። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በሚልዎኪ ከተማ አልቬርኖ የሚባል የሴቶች ኮሌጅ አለ። መሠረቱ በ1887 በቅዱስ ፍራንሲስ እኅቶች ማኅበር ተጥሏል። ከ1968 እስከ 2003 በፕሬዚዳንትነት የመሩት ሲስተር ጆኤል ሪድ ነበሩ። እርሳቸውም በመጀመሪያዎቹ የሹመት ዓመታት ለመምህራኑ ከባድ ጥያቄ አቀረቡላቸው፤ «ከምታስተምሩት ትምህርት ውስጥ ተማሪዋ ሳታገኘው ብትወጣ የምትጐዳበት ነገር የትኛው ነው?» የሚል አሳብ ያለው ጥያቄ ነበር።

መምህራኑ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ የደረሱበት ነገር የመጽሐፍ ስም ወይም የምዕራፍ ቊጥር አልነበረም፤ ተማሪዋ ልትሠራው የሚገባት ሥራ ነበር። በ1973 አዲሱ ሥርዓት ሲጀመር ስምንት ችሎታዎች ተወሰኑ፤ አሳብን መግለጥ፥ ነገርን መተንተን፥ ችግርን መፍታት፥ በውሳኔ ጊዜ በጎውን መምረጥ፥ ከሰው ጋር ተባብሮ መሥራት፥ ዓለምን በሰፊው መመልከት፥ ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ዜጋ መሆን፥ የኪነ ጥበብንም ውበት መረዳት። እነዚህም እያንዳንዳቸው በደረጃ ተከፋፈሉ። ኮሌጁ በፊደል የሚሰጠውን ማዕረግ ተወው፤ በምትኩ ተማሪዋ ምን ልትሠራ እንደምትችልና ምን እንደሚቀራት በቃላት የሚገልጥ ጽሑፍ ይሰጣት ጀመር።

ከሥርዓቱ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ራስን መመዘን ነው። አዲስ የገባችው ተማሪ ንግግር እንድታደርግ ታዛ ንግግሯ በምስል ይቀረጽ ነበር። ከዚያም መምህርቷ አንዳች ሳትላት በፊት ተማሪዋ ራሷን አይታ በተጻፈው መመዘኛ ራሷን ትመዝናለች። በኋለኞቹ ዓመታትም እንደ ገና ተቀርጻ የፊተኛውን ከኋለኛው ጋር ታስተያያለች። ከከተማው ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሰዎችም ሥልጠና እየተሰጣቸው ተማሪዎቹን እንዲመዝኑ ይጋበዙ ነበር። ዓላማው ተማሪዋ ከኮሌጁ ወጥታ መምህር በሌለበት ስፍራ ስትሠራ ራሷን ማረም እንድትችል ነው።

ኮሌጁም ራሱን አልተወም። ማርሻ ሜንትኮውስኪና ባልደረቦቻቸው ተማሪዎቹን በትምህርት ሳሉም ከተመረቁም በኋላ እየተከታተሉ የትኛው ትምህርት እንደ ጸና፥ የትኛውም እንደ ጠፋ መረመሩ፤ ያገኙትንም በ2000 በመጽሐፍ አሳተሙ። ትምህርቱ የተሻሻለው እንዲህ ያለውን ማስረጃ መምህራኑ በየጊዜው ተቀምጠው እያነበቡ ስለ ተወያዩበት ነው።

፭፤ ኮሌጁ ራሱ የተመዘነ ጊዜ

አሁን ከላይ ወደ ተጠቀሰው ጉድለት እንመለስ። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ድሆችና ከቤተሰባቸው መጀመሪያ ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎች ያሉበት ነው። በ2003 በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት ተማሪዎች 32 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለእንደዚህ ያለው ነገር ቀላሉ ማብራሪያ «የሚመጡት ተማሪዎች ደካሞች ናቸው» ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ሹሞች ግን የብዙ ዓመት መዝገብ አስወጥተው ተማሪው የሚሰናከልበትን ስፍራ መፈለግ ጀመሩ።

ከተገኙት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በፖለቲካ ሳይንስ የመጀመሪያ ትምህርቱ «ኤ» ወይም «ቢ» ያገኘ ተማሪ ከአራት ሦስቱ ያህል በጊዜው ይመረቃል፤ «ሲ» ያገኘው ግን ከአራት አንዱ ያህል ብቻ ነው። «ሲ» ማለት ግን ያለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ማንም ያንን ተማሪ ጠርቶ «ምን ቸገረህ?» ያለው አልነበረም። ፈተናው ተፈትኗል፤ ቊጥሩም በመዝገብ ገብቷል፤ የሚነግረውን ነገር ግን ያነበበ ሰው አልነበረም። ከ2012 ጀምሮ ከ800 የሚበልጡ የአደጋ ምልክቶችን በየቀኑ የሚመለከት የኮምፒዩተር ሥርዓት ተዘረጋ፤ ብዙ አማካሪዎችም ተቀጠሩ። ምልክቱ በታየ ጊዜ አማካሪው ተማሪውን ጠርቶ ያነጋግረዋል።

ሁለተኛው ግኝት ከትምህርት ጋር የማይነካካ ነበር። በየመንፈቀ ዓመቱ ክፍያ በቀኑ ያላሟሉ ብዙ ተማሪዎች ከትምህርት ይሰረዙ ነበር። መዝገቡ ሲመረመር ከነዚህ ውስጥ ለመመረቅ ጥቂት የቀራቸው፥ ትምህርታቸውም መልካም የሆነ፥ የጐደላቸውም ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ የሆነ ተማሪዎች ተገኙ። ስለዚህ በ2011 ተማሪው ሳይለምን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ፈልጎ የጐደለውን የሚሞላበት አነስተኛ የርዳታ ገንዘብ ተጀመረ። አራት ዓመት ሙሉ የደከመ ሰው በጥቂት መቶ ዶላር ዕዳ ምክንያት በባዶ እጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ የነበረው፥ ስሙ በስሩዞቹ ዝርዝር ላይ እንጂ ምክንያቱ በማንም ፊት ስላልነበረ ነው።

በ2016 ደግሞ፥ ተቀባይነት አግኝተው ሳለ በበጋው ዕረፍት በወረቀትና በፎርም ብዛት ተስፋ ቆርጠው የሚቀሩት አዲሶች ተማሪዎች እንዲረዱ፥ ጥያቄያቸውን በስልክ መልእክት የሚመልስ የኮምፒዩተር አገልግሎት ተደረገላቸው፤ በዚያ በጋ የሚቀሩት ቊጥር በ22 ከመቶ ያህል ቀነሰ። በጠቅላላውም በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት በ2003 ከነበረው 32 ከመቶ በ2014 ወደ 54 ከመቶ ደረሱ። ይህ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ተሠርቶ አይደለም፤ እንቅፋቱን በየስፍራው እያገኙ በማንሣት ነው።

፮፤ ምዘና የሚበላሽበት መንገድ

ምዘና ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ዶናልድ ካምቤል የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1970ዎቹ እንዳስጠነቀቁት፥ አንድ ቊጥር ለሹመትና ለገንዘብ መስጫ ከሆነ ቊጥሩም ይበላሻል፤ ሊለካው የታሰበውም ሥራ ይበላሻል። መምህሩ በፈተና የሚመጣውን ብቻ ያስተምራል፤ ተማሪው ለቊጥር ብቻ ያጠናል፤ ኮሌጁም የምረቃ ቊጥሩ እንዳይወርድ ያልበቃውን ያሳልፋል። ቅስና ወይም መምህርነት በሚሰጥበት ቤት ይህ ቢሆን ጉዳቱ ለሕዝብ ይተርፋል።

ሁለተኛው መበላሸት ተጠይቆ ዝም መባል ነው። ተማሪዎች በየዓመቱ አስተያየት ጻፉ ተብለው ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ በሣጥን ይከተታል፤ የሚለወጥ ነገር የለም። ይህን ሁለት ጊዜ ያየ ተማሪ በሦስተኛው እውነቱን አይጽፍም። ሦስተኛው መበላሸት ጉድለቱን የተናገረ ሰው ሲቀጣ ነው። «የኔታ፥ ይህ አልገባኝም» ያለ ልጅ ከተዘለፈ፥ ከዚያ በኋላ የገባው መስሎ መቀመጥን ይማራል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ጠይቆ የተዋረደ ግን ደግሞ አይጠይቅም።

፯፤ በትንሽ ትምህርት ቤት እንዴት ይሠራል?

የአትላንታው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤት ይህንን ሥራ አይችልም ማለት አይደለም። አንድ ደብተርና አንድ ቅን ሰው ይበቃሉ።

አስቀድሞ መምህሩ በዚህ ወር ተማሪው ምን ማድረግ እንዲችል እንደሚፈልግ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ ለተማሪዎቹም ያንብብላቸው። ምን እንደሚፈለግበት ያላወቀ ተማሪ ራሱን ሊመዝን አይችልምና።

ሁለተኛ፥ በትምህርቱ መጨረሻ ተማሪዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት ሁለት ነገር ይጻፉ፤ ዛሬ የተማሩት ዋና ነገር ምን እንደ ሆነና ያልገባቸው ምን እንደ ሆነ። ቶማስ አንጀሎና ፓትሪሽያ ክሮስ በ1993 ባሳተሙት የመምህራን መጽሐፍ ይህን ዘዴ በሰፊው አስተዋውቀውታል። ለምሳሌ ከ20 የዓረብኛ ተማሪዎች 14ቱ የግሱ እርባታ አልገባንም ብለው ቢጽፉ፥ የሚታረመው ትምህርቱ ነው፤ መምህሩ በሌላ መንገድ ይድገመው። ሁለቱ ብቻ ቢጽፉ ግን ትምህርቱ ይቀጥል፤ ለሁለቱ ቀደም ያለ ጓደኛ ይመደብላቸው። ስማቸውን ያልጻፉ እንደ ሆነ መምህሩ «የሚያስጠና ጓደኛ የሚፈልግ ይምጣ» ይበል፤ ያልተዘለፈ ተማሪ ይመጣል።

ሦስተኛ፥ ዕርማቱ ከቊጥሩ ይቅደም። መምህሩ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ምን እንደ ጐደለ ብቻ ይጻፍ፤ ተማሪው አርሞ ካመጣው በኋላ ቊጥር ይስጠው።

አራተኛ፥ አገልግሎቱም እንደ ትምህርቱ ይጠየቅ። የመጻሕፍት ቤቱ አንባቢ ጥቂት ነው ተብሎ «ተማሪው ማንበብ አይወድም» ከመባሉ በፊት፥ ቤቱ የሚከፈትበት ሰዓት ተማሪዎቹ በማኅሌትና በጸሎት የሚቆሙበት ሰዓት እንዳይሆን ይታይ። ተማሪ ከትምህርት የቀረ እንደ ሆነ በመዝገቡ ላይ «ቀረ» ብቻ አይጻፍ፤ ምክንያቱ ተጠይቆ ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ምክንያቶቹ ሲቈጠሩ የመብራት፥ የሕክምና፥ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የቤተሰብ ችግር የትኛው እንደሚበዛ ይታወቃል።

አምስተኛ፥ ከተገኘው ውስጥ አንዱ እንኳ በቶሎ ይታረም፤ ለተማሪዎቹም «ይህን ብላችሁ ነበር፤ ይህን አደረግን» ይባልላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላም ለውጡ እንደ ጠቀመ እንደ ገና ይጠየቅ። ይህ የመጨረሻው ካልተደረገ የቀደሙት አራቱ ድካም ብቻ ይሆናሉ።

ልጃቸውን ሊጐበኙ የሚመጡ ወላጆችና ተሳላሚዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት አገኘህ?» ብለው ነው። «አሁን የምትማረው ምንድን ነው? የከበደህስ የቱ ላይ ነው?» ብለው ቢጠይቁት ልጁ የሚናገረው ብዙ ነገር ያገኛል።

እንግዲህ ተማሪ ወደቀ የሚባልበት ቀን ሳይደርስ ሦስት ጥያቄ መልስ ማግኘት ይገባዋል። ምን እንደሚፈለግበት ተነግሮት ነበርን? ጉድለቱ በጊዜው ታይቶ ተገልጦለት ነበርን? ለመማር የሚያስፈልገው እንጀራና መብራት፥ መጽሐፍና አማካሪ ነበረውን? ሦስቱም ተሟልተውለት ሳለ ያልተማረ እንደ ሆነ ስለ ስንፍናው መናገር ይቻላል። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ግን በመዝገቡ ላይ ከተማሪው ስም አጠገብ የትምህርት ቤቱም ጉድለት ይጻፍ፤ በሚመጣውም ዓመት የሚታረመው ሥራ ከዚያ ይጀመር።